አዳማ፦ በፀሐይ ለሚሠሩ ሰዎች ውሃ ይዘን ልንወጣ ነው፤ ሐሳብ ስጡን

የግራር ጥላ | መጋቢት 3፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አዳማ የምንኖር ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ማኅበርም ማኅተምም የለንም፤ ያለን የቅዳሜ ጠዋት ጊዜና ያዋጣነው ትንሽ ገንዘብ ነው። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ባለው መንገድ በፀሐይ የሚሠሩትን ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ይዘን ልናመሰግናቸው አስበናል። መንገድ ጠራጊዎች፣ በጋሪ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች፣ ትራፊክ ፖሊሶች፣ ሊስትሮዎች፣ ሎተሪ አዟሪዎች፣ መናኸሪያ አካባቢ ያሉ ተሸካሚዎች፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፉት።

ከመጋቢት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ፀሐዩ ምን እንደሚመስል ለአዳማ ሰው አይነገርም። የክረምት በጎ ፈቃድ ሲባል ሁላችንም እንነሣለን፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ችግኝ ይተከላል፣ የአረጋውያን ጣሪያ ይታደሳል፣ ደም ይለገሳል። መልካም ነው። ነገር ግን ፀሐይ ሰውን የምትጠብሰው ሐምሌ ላይ አይደለም፤ አሁን ነው፣ ተማሪው ከደብተሩ ጋር በሚታገልበትና በጎ ፈቃደኛው በተበተነበት ጊዜ።

የታሰበው የታሸገ ውሃና በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የምስጋና ካርድ ነው፤ ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት። ምን እንጨምር? ምን እንቀንስ?

ባለ ሦስት እግር | መጋቢት 3፣ ምሽት 2፡34

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ በፀሐይ ከሚሠሩት ወገን ነኝ ማለት ነው፣ ቢያንስ ግን ሸራ አለኝ። ቅዳሜ ውሃውን በነጻ አመላልስላችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ለትራፊክ ፖሊሱ እናንተው ስጡት። ከባጃጅ ነጂ እጅ የወጣ ውሃ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ሚዛን | መጋቢት 3፣ ምሽት 3፡05

ቅንነታችሁን አልነካም። ነገር ግን አንድ ጠርሙስ ውሃ የሃያ ደቂቃ ነገር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብም የአሠሪው ግዴታ ነው። መንገድ ላይ ወጥታችሁ እዩ፦ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያለው ስንቱ ነው? በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩት ደግሞ ባለቤትም ሠራተኛም ራሳቸው ናቸው ስለሚባል፣ ግዴታው የማን ነው ሲባል ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። ይህን ሳትነኩ ካርድ ብታድሉ ካርዱ ቆንጆ ይሆናል፤ ሌላ ምንም አይሆንም።

ዘምዘም | መጋቢት 3፣ ምሽት 3፡40

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ረመዳን ላይ እኮ ነን። ሁዳዴም ገብቷል። በስድስት ሰዓት ፀሐይ ለጾመኛ ቀዝቃዛ ውሃ ዘርግቶ «እንኪ ጠጪ» ማለት ጭንቅ ነው። አንዷ አፍራ ትቀበልና ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ሌላዋ በአደባባይ ሃይማኖቷን ለመናገር ትገደዳለች። ለሙስሊሙ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከተምር ጋር ስጡት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾመው ክርስቲያን ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት።

ቀን ላይ ለሚጠጣውም ለማይጠጣውም የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጥላ ነው። ገበያ ላይ የሚዘረጋው ትልቅ ጃንጥላና ሁለት በርጩማ ቢቀመጥ፣ ጾመኛ ለአሥር ደቂቃ ጎኑን ያሳርፋል። እኔ ብሆን ገንዘቡን እዚያ ላይ አውለው ነበር።

የግራር ጥላ | መጋቢት 3፣ ምሽት 3፡52

ዘምዘም፣ እናመሰግናለን። ተምር በጅምላ የት እንደሚገኝ ጠቁሚን። ጃንጥላውን እንጠይቃለን።

የቦኩ ነፋስ | መጋቢት 4፣ ጠዋት 1፡20

ውሃው ከተጠጣ በኋላ ባዶው ሃይላንድ የት ይሄዳል? ቆራሌው ካልቀደማት ጠራጊዋ ትለቅመዋለች። ስጦታው ሥራ ጨመረባት ማለት ነው።

ከከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያን ሁሉ ተርባይን የሚያሽከረክር ነፋስ ባለበት ከተማ ላስቲክና አቧራ መጥረግ ምን ማለት እንደሆነ መጥረጊያ ያልያዘ ሰው አያውቀውም። ሰብስበው አካፋ እስኪያነሡ ነፋሱ መልሶ ይበትነዋል።

ስለዚህ ምስጋና ያለው ሰው ከቆሻሻው ይጀምር። ሸንኮራ አገዳ እየላጥን መንገድ ላይ የምንተፋው እኛ። የጫት ገረባ ቦይ ውስጥ የምንወረውረው እኛ። ዝናብ መጥቶ ቦዩ ሲሞላና ጎርፉ ደጃፋችን ሲደርስ «ጽዳቶቹ የት ሄዱ?» ብለን የምንጮኸውም እኛ። በየጫት መሸጫው አንድ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይሰቀልና ገረባው እዚያ ይግባ። ለጠራጊዋ ከውሃው ይልቅ እርሱ ወገቧን ያሳርፋታል።

የጠራጊዋ ልጅ | መጋቢት 4፣ ቀን 7፡15

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። እናቴ መንገድ ጠራጊ ናት፤ ያስተማረችኝም በዚሁ ሥራ ነው። ውሃ ስጧት፣ ትመርቃችኋለች። አትጠጣውም። በጾም ምክንያት አይደለም።

ከቤት የምትወጣው ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በምትጠርገው መንገድ ላይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የለም። ሆቴል አለ፣ ካፌ አለ፤ ነገር ግን የሥራ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው «ወዴት ነው?» ይላታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ታዝዞ ነው። አንድ ጊዜ የተመለሰች ሴት ሁለተኛ አትጠይቅም። ስለዚህ ሴቶቹ የራሳቸውን መላ ፈጥረዋል፦ አለመጠጣት። ማታ ውሃ ይቀንሳሉ፣ ጠዋት ሻይ ሳይቀምሱ ይወጣሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ከንፈራቸውን በምላሳቸው እያረጠቡ ይውላሉ። ወንዶቹ ግንብ ጥግ ይቆማሉ። ሴት የት ትሂድ? በወር አበባ ጊዜ ከሥራ የሚቀሩ አሉ፤ የቀሩበት ቀን ይቆረጥባቸዋል። እናቴ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትሮጠው ወዴት እንደሆነ ለመናገር አላፍርም፤ ማፈር የሚገባው ሌላ ሰው ነው።

ምስጋናችሁን ወደ በሮቹ ውሰዱት። በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ካፌ «ግቡ» ቢላቸው፣ ውሃውን ከቤታቸው ይዘው መጥተው ራሳቸው ይጠጣሉ።

ስለ ፎቶም ልናገር። እናቴ ካሜራ ስታይ ሻሿን ወደ ፊቷ ትስባለች። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቿ ከተማ ሥራ እንደያዘች እንጂ ምን እንደምትሠራ አያውቁም። በሥራዋ አታፍርም። ማን ምን ይወቅ የሚለውን ግን የምትወስነው እርሷ ናት።

ነጭ ጋውን | መጋቢት 4፣ ምሽት 1፡30

ነርስ ነኝ። ከላይ የተጻፈው ክሊኒክ ውስጥ የምናየው ነው። በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚመላለሱ ሴቶችን «ውሃ አብዝታችሁ ጠጡ» ስንላቸው ዝም ብለው ያዩናል። ሽንት መያዝና ውሃ አለመጠጣት ሲደራረብ ኢንፌክሽኑን ይጋብዛል፤ ለኩላሊት ጠጠርም ያጋልጣል። መጸዳጃ ቤት የሌለበት ቦታ ውሃ ማደል ግማሽ ሥራ ነው።

ለቅዳሜ የምትወጡት ይህን ያዙ። በሙቀት የሚሠራ ሰው እስኪጠማው መጠበቅ የለበትም፤ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር ገደማ። ቆይቶ በአንድ ትንፋሽ ሊትር መገልበጥ ይህን አይተካም። እንደ እኛ ከተማ ባለ ደረቅና ነፋሻ አየር ላቡ ቆዳ ላይ ሳይታይ ስለሚተን፣ ሰው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ አያስተውልም። ሳይበላ ለረጅም ሰዓት ላብ ያላበው ሰው ጨውም ስለሚጎድለው ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ያዙ፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሳይቀጥን ሳይወፍር።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጡንቻ መኮማተር ያለበትን ሰው ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ቀስ እያለ ይጠጣ። ንግግሩ ከተወላገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ያኔ ምክር አያስፈልግም፤ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ አንገቱንና ብብቱን በረጠበ ጨርቅ አቀዝቅዙ፣ ባገኛችሁት መኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ። ጸበል የያዘ ሰው ካለ ይርጭበት እንጂ አያጠጣው።

በተለይ አዲስ ገቦቹን እዩአቸው። ከአሰላና ከበቆጂ ደጋ ለቀን ሥራ የወረደ ወጣት ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ «ደክሞኛል» ካልኩ ነገ አይጠሩኝም ብሎ ሲታገል።

ማኪያቶ | መጋቢት 4፣ ምሽት 2፡45

ካፌ አለኝ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ዘበኛውን የማዝዘው ግን እኔ ስለሆንሁ ወቀሳው ለእኔ ነው ማለት ነው። የእኔንም ስሙኝ። በእኔ ሰፈር ቧንቧ በየቀኑ አይመጣም፤ በርሜል እየሞላሁ ነው የምሠራው። ለመንገደኛ ሁሉ ብከፍት በርሜሉ ረፋዱ ላይ ያልቃል፤ መጸዳጃ ቤቱም ከሰዓት በኋላ ለማንም የማይሆን ይሆናል። ይህን ሞክረው ያማረሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ነገር ግን ለሁሉም መክፈትና የእኔን ደጃፍ ለሚጠርጉት ሦስት አራት ሴቶች መክፈት አንድ አይደለም። ዳቦው የሚመጣው ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ያኔ እከፍታለሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይግቡ። ዘበኛዬ እንዲያውቃቸው አንድ ቀን ከእነርሱ ጋር የሚመጣ ሰው ይኑር።

የጠራጊዋ ልጅ | መጋቢት 4፣ ምሽት 3፡00

ማኪያቶ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። በርሜሉ አያሳስብህ፤ ውሃ ቀድተው ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ናቸው፣ አንድ ጀሪካን ሞልተው መተካት አይከብዳቸውም። ዘበኛህ ግን አስቀድሞ ስማቸውን ይጠይቃቸው። «አንቺ» እያለ አይጥራቸው።

ሚዛን | መጋቢት 4፣ ምሽት 3፡20

ይኸውላችሁ፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መሥራት የሚገባው አካል እያለ ነገሩ በአንድ ባለ ካፌ በርሜል ላይ ወደቀ። በጎ ፈቃደኛ ቀዳዳውን በደፈነ ቁጥር ባለ ግዴታው በሰላም ይተኛል።

የጠራጊዋ ልጅ | መጋቢት 4፣ ምሽት 3፡26

ልክ ነህ። አቤቱታውን ጻፍ፤ እፈርማለሁ፣ እናቴም ትፈርማለች። እስኪሠራ ድረስ ግን ፊኛ አዋጅ አይጠብቅም።

ሚዛን | መጋቢት 4፣ ምሽት 3፡41

እሺ። እጽፋለሁ። ለቀበሌና ለክፍለ ከተማ፣ በሁለት ቅጂ፣ ተቀባዩ የሚፈርምበት። ከእናትሽ ጋር የሚሠሩት ሴቶች የትኛው ቦታ እንደሚሻላቸው ጠይቀሽ ንገሪኝ፤ እኔ ከወንበር ላይ ሆኜ ቦታ መምረጥ አልፈልግም።

ገንቦ | መጋቢት 5፣ ጠዋት 3፡10

ልጆቼ፣ ተባረኩ። እኔ ከተማዋ ናዝሬት ስትባል ጀምሮ እዚህ ነኝ። የታሸገውን ውሃ ተውትና አንድ ትልቅ እንስራ ግዙ። ሸክላው ከላዩ እያላበው በነፋሱ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ መብራት አይፈልግ፣ በረዶ አይፈልግ። ደረቅ ነፋስ ደግሞ እዚህ ሞልቷል። ጥላ ውስጥ አሸዋ ላይ ይቀመጥ፣ አፉ በንጹሕ ሻሽ ይታሰር። መቅጃው አንድ ጭልፋ ይሁን፤ እርሱም አፍ አይነካም፣ እያንዳንዱ በየራሱ ኩባያ ይጠጣል። ማታ ማታ ተገልብጦ ይታጠብ። ይህን የሚያደርግ ሰው ከሌለ አትጀምሩት፤ ያልታጠበ እንስራ በሽታ ያመጣል።

ሸንኮራ | መጋቢት 5፣ ቀን 6፡05

እናታችን ገንቦ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። የሚሞላው የቧንቧ ውሃ ይሁን። የአዳማ ቧንቧ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ያደግሁት ወንጂ ነው፤ የእኩዮቼን ጥርስ ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቀኝም። ማፍላትም አያወጣውም፤ ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ይከማቻል። «ጉድጓድ ስላለን በነጻ እንሙላላችሁ» የሚል ደግ ሰው ቢመጣ አመስግናችሁ እለፉት።

ኮረብታ | መጋቢት 5፣ ቀን 8፡30

ፎቶ ካልተነሣ ሰው እንዴት ያዋጣል? ገንዘብ የሚሰጠው አይቶ ነው። ጀርባቸውን ማንሣት አይቻልም?

ዘምዘም | መጋቢት 5፣ ቀን 8፡44

እንስራውን አንሣው። ፊቱን አይሸፍንም።

የግራር ጥላ | መጋቢት 5፣ ምሽት 2፡00

ተነጋግረን ወስነናል። የታሸገውን ውሃ ትተነዋል። በገንዘቡ ሁለት ጃንጥላ፣ በርጩማዎች፣ እንስራ፣ ኩባያዎችና ኦ አር ኤስ ይገዛል፤ ማታ ማታ ተምር ይኖራል። እንስራውን የምታጥበው መንገዱ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት ናት፤ የውሃና የሳሙና ወጪዋን እኛ እንችላለን። ገረባውን በተመለከተ ባለ ጫት ቤቶቹን የቦኩ ነፋስ ያነጋግር፤ ሐሳቡ የእርሱ ነው። ካሜራ አይወጣም። ቅዳሜ ግን ከውሃው በፊት በሮችን እናንኳኳለን፤ የጠራጊዋ ልጅም አብራን ትወጣለች።

ባለ ሦስት እግር | መጋቢት 7፣ ምሽት 1፡50

ስለ ቅዳሜው ከእኔ ስሙ፤ እነርሱ ትሑት ስለሆኑ አይነግሯችሁም። ካፌዎቹ ገና ሲጠየቁ «ባለቤቱ የለም» አሉ፤ ባለቤቱ የሌለበት ካፌ ብዛት አስገረመኝ። አንዱ ግን ሳይጨርሱለት «ይግቡ» አለ። ሌላው መጥረጊያውን ውጭ እንዲያስቀምጡ ጠየቀ። የጠራጊዋ ልጅ እናት «መጥረጊያዬ ከተሰረቀ ነገ በምን ልሠራ ነው?» ብላ መለሰችለት። ከበሩ ኋላ ማስቀመጫ ጥግ ተሰጣቸው።

ካርዱን የተቀበሉት እናት አገላብጠው አይተው «ይህን የማነብ መስሏችሁ ነው?» ብለው ሳቁ። ተነበበላቸው። በአፋን ኦሮሞ ድጋሚ አስነበቡትና «ገለቶማ» ብለው መጥረጊያቸውን አነሡ፤ ሥራ ስለነበረባቸው።

ለትራፊክ ፖሊሱ ውሃ የሰጠው የግራር ጥላ ነው። ጠጥቶ አመሰገነ፤ ኩባያውን መልሶ የቆምሁበት ቦታ ክልክል መሆኑን ነገረኝ።

ማኪያቶ | መጋቢት 24፣ ምሽት 2፡20

ስለጠየቃችሁኝ ልመልስ። አራቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ይገባሉ። በርሜሉ አልጎደለም፤ የገባ ሁሉ ሞልቶ ነው የሚወጣው። አንድ ደንበኛ ቅር ብሎት ተናግሮኛል። ቡናውን ጠጥቶ ሄደ፣ በማግስቱም መጣ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው፦ ካፌው በሚዘጋበት ቀን የት ይሂዱ? ቁልፉን ለዘበኛው ትቼለታለሁ፤ እርሱ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚሠራው።

ሚዛን | መጋቢት 24፣ ምሽት 2፡55

አቤቱታው ገብቷል፤ ፊርማው ያለበት ቅጂ በእጄ ነው። ሴቶቹ የመረጡት ቦታ ከመናኸሪያው ወዲህ ነው፣ እኔ ከምገምተው በጣም የራቀ። ከፋሲካ በኋላ መልስ ካልመጣ አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን ስሄድ «ነገ ተመለስ» ማለት ይቀላቸዋል።

ነጭ ጋውን | መጋቢት 24፣ ምሽት 3፡10

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ፤ አብሬህ እሄዳለሁ። ጋውኔን ለብሼ እመጣለሁ፣ ቢሮ ውስጥ ይረዳል።

ኮረብታ | መጋቢት 24፣ ምሽት 3፡32

በመብራት ኃይል በኩል የሚጠርጉትስ? እዚያ ማንም አልጠየቀላቸውም። የማውቀው ባለ ካፌ አለ፤ ነገ ከሥራ ስወጣ አነጋግረዋለሁ። እንስራ የሚሸጡት የት እንደሆነና ስንት እንደገዛችሁት ጻፉልኝ፤ የማኪያቶን የቁልፍ ነገርም አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ።